ጥዱ ላይ የነበረችው ጉጉት

ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ እዚህ እስራኤል አገር «ኢትዮጵያ ጎዳና» በሚባለው መንገድ ላይ ያዘኝና በቤተ ክርስቲያናችን ግንብ ሥር ተጠለልሁ። ከግንቡ ወዲያ ካለው ጥድ የእርጥብ ሙጫ ሽታ መጣና እኔን፣ ሽበት የጀመራትን የባዮሎጂ መምህርት፣ እዚያው ግቢ ወዳደገችው የዕቃ ቤት ጠባቂ ልጅ መለሰኝ።

ያኔ ባዮሎጂ የሚያስተምሩን መምህርት ዘነቡ ነበሩ። በልጅነታቸው ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ክፍሉን በዕብራይስጥ ያስተምራሉ፣ እኔን ለመቆጣት ግን አማርኛቸውን ያወጣሉ። የአበባ ክፍል ማሸምደድ አይወዱም፤ «አንዱን ነጥለሽ ካየሽው ምኑንም አላየሽውም» ይሉና፣ ምን ይበላል፣ ማን ይበላዋል፣ እሱ ባይኖርስ ማን ይጎዳል እያሉ ያፋጥጡናል። አንድ ጊዜ እያንዳንዳችን በምንኖርበት ቦታ ያለውን ሕይወት ሁሉ በቀስት እያገናኘን እንድንሥል አዘዙን። እኔም ጥዱን፣ ርግቦቹን፣ አይጦቹን፣ ድመቶቹን፣ በጥዱ ቅርንጫፍ ፍልፍል ውስጥ የምትኖረውን ጉጉት ሣልሁ፤ መነኮሳቱን የት እንደማስቀምጣቸው ግራ ቢገባኝ ድመቶቹን ስለሚመግቡ ከድመቶቹ ጎን አቆምኋቸው። መምህርቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በዚያው ዓመት፣ የዚህ አገር ብርድና ዝናብ ሲበረታ፣ እናቴን የሳንባ ምች ጣላት። ከሆስፒታል ብትመለስም ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ጉጉቷም ቀኑ ሲመሽ በመስኮታችን አንጻር ትጮኻለች። በሽተኛ ባለበት ቤት ላይ ጉጉት ከጮኸች በእኛ ዘንድ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም። ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ሳይጨርሱ ድምፁ ሲመጣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ አባቴ እህል አልወርድ ይለዋል። በመጨረሻ ቅርንጫፉን አስቆርጣለሁ አለ።

ሮጬ ለመምህርቴ ነገርሁ። ብርቱካን ይዘው መጡ፣ እናቴን አጽናንተው ሲወጡ አባቴን በር ላይ አቆሙት።

«ጋሼ፣ ይህች ወፍ አይጥ ነው የምትበላ። እሷን ካባረሩ ዕቃ ቤቱን አይጥ ይወርሰዋል።»

«አይጡን ወጥመድ ይይዝልኛል፣ እህቴ» አለ አባቴ። «ሚስቴን ማን ይይዝልኛል?»

ይህን ሲል ጉጉቷ ጮኸች። መምህርቴ ሳያስቡት ሻርፓቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ፤ እኔም አየሁ፣ አባቴም አየ። «ይማርልዎ» ብለው ሄዱ።

ቅርንጫፉ በማግሥቱ ተቆረጠ። እናቴም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተነሣች፣ ግቢው በሙሉ «አላልንም?» አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ቢሆንም በማን እንደሆነ የማላውቀው ንዴት አልለቀቀኝም ነበር።

ጾሙ ሳይጋመስ አይጦቹ ዕቃ ቤት ገቡ። ለፋሲካ የተዘጋጀውን ጧፍ ሰሙን ግጠው ግጠው ክሩን ብቻ አስቀሩት። ወጥመዱ አልበቃ ሲል አባቴ መርዝ አኖረ፤ መርዙን አይጦቹ በሉ፣ አይጦቹን ድመቶቹ በሉ። ድመቶቹ በግቢው የውኃ ጉድጓድ አፍና በግንቡ ሥር ተዘርረው ተገኙ፣ የሚመግቧቸው መነኩሴም ሣህናቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አባቴ ድመቶቹን በጆንያ ሰብስቦ ከቀበረ በኋላ ያንን ሥዕል አምጪ አለኝ። ከአይጡ ወደ ጉጉቷ፣ ከአይጡ ወደ ድመቶቹ የሚሄዱትን ቀስቶች በጣቱ ሲከተል ቆየ።

«መምህርትሽ ልክ ናት» አለ። ጣቱን ከወረቀቱ ሳያነሣም፣ «እናትሽ ግን የት ናት እዚህ ላይ?»

አልሣልኋትም ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሞተች፤ አባቴም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ጉጉት ወደዚያ ጥድ አልተመለሰችም። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፣ ቀስቶቹንም ሰሌዳ ላይ አሥላቸዋለሁ። ዘንድሮ እዚሁ የተወለደች የእኛው ሰዎች ልጅ፣ መምህርቷን በዕብራይስጥ «ሞራ» ብላ ጠርታ፣ «ሰው እንዴት ጉጉት ይፈራል?» እያለች ስትስቅ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልክ ናት፤ ጉጉት ሞት አታመጣም፣ ይህንን ያስተማርኋትም እኔው ነኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን አባቴን አሰብሁት። ነገ ብታመም ሐኪሙም መድኃኒቱም በደጄ ነው፤ ለእኔ ብሎ ጉጉት የሚፈራ ሰው ግን የለኝም።