ቀምሼ የዋሸሁ ዕለት

ማዕድን ውሃ ከመሬት በሚፈልቅባት አምቦ ተወልጄ አድጌ ጋዝ ያለው ውሃ አልወድም። ይህን ስናገር ሰው እንደ ከሃዲ ያየኛል። ግብዣ ላይ ጠርሙሱን ከፍቶ «ለሆድ ጥሩ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም ሆዴ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው እለዋለሁ። በንብርብር የሚቀዳውን የአቮካዶና የማንጎ ጁስም አልወድም። በማንኪያ የሚጠጣ ነገር ለእኔ ገንፎ ነው። ልጆች ሳለን ቀይ ጤፍ የምትጋግር እናት እንግዳ ሲመጣ እንጀራውን ትደብቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ደመወዝተኛው ሁሉ ለጤና ነው እያለ ከደንዲ ገበሬ ያንኑ ቀይ ጤፍ እየተሻማ ይገዛል። እኔ ያን ጊዜም ነጩን እወድ ነበር፣ አሁንም ነጩን እወዳለሁ።

በስፖርቱም ቢሆን ከሰው አልገጥምም። ኳስ በቴሌቪዥን ሳይ ድምፁን አጠፋለሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነገር ሌላ ሰው እየጮኸ እንዲነግረኝ አልፈልግም። ማራቶን ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ የማየውም ከኋላ ያሉትን ነው። ካሜራው አንደኛ የወጣው ሰው ላይ ተለጥፎ አሥራ ሰባተኛውን ስለማያሳየኝ እናደዳለሁ። አንድ ጊዜ የእኛ ልጅ ወርቅ አምጥታ ከተማው ሲጨፍር፣ ውድድሩ ግን አሰልቺ ነበር ስላልኩ አንድ የባጃጅ ሾፌር መንገድ ላይ አውርዶኛል። ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። አሰልቺ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ።

ይህ ጠባዬ የሚታወቀው በተለይ ስታፍ በምንለው የመምህራን ማረፊያ ነው። ከካቺሲ ተዛውሬ አምቦ ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመጣሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር፤ ባልደረቦቼም «ኦቦ ተቃዋሚ»፣ አቶ ተቃዋሚ እንደማለት፣ የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ስሙን አልጠላሁትም። እንዲያውም ትንሽ እኮራበት ነበር። ሰው ሁሉ ለይሉኝታ ጣፈጠኝ በሚልበት አገር አልጣፈጠኝም የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አምን ነበር።

በስታፍ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በአዘቦት ቀን ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን ደርድረን እንከፍታለን፤ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። ማንም ሕግ አላወጣለትም። በመስኮቱ በኩል ጾመኞቹ፣ በበሩ በኩል እኛ ጴንጤዎቹ እንቀመጣለን። ቅቤ የነካ እጅ ወደ መስኮቱ አይሻገርም። ከዚህ የሚበልጠው ደንብ ደግሞ ይህ ነው፤ እነሱ ስለ እኛ ወጥ፣ እኛም ስለ እነሱ ጾም ቃል አንተነፍስም። ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ያለኝ እኔ እንኳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ደንብ አክብሬ ነበር።

ያን ጊዜ የቅርብ ጓደኛዬ የታሪክ መምህር የሆነ የጊንጪ ልጅ ነበር፤ ኦርቶዶክስ ነው፣ ከሁዳዴ አንዲት ቀን አይገድፍም። ያገናኘን ማራቶን ነው። የእሁድ ውድድር ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ በስታፉ ቴሌቪዥን ሲደገም፣ ድምፅ አጥፍተን ከኋላ ያሉትን የምናይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌላው ሁሉ የሳምንቱን ጎሎች ማየት ይፈልጋል። ያን ዓመት የሁዳዴ መጀመሪያ ሰኞ ስለ ሪሞቱ ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአርባ ምናምን ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሳለቁብኝ ሰነበቱ። «አሥራ ሰባተኛው ገባ ወይ?» ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ። ስቄ አለፍኩ እንጂ ከንክኖኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መሃል ጓደኛዬ ባዶ ስታፍ ውስጥ አገኘኝና በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ በሰማያዊ ክር የታሰረ ነገር ሰጠኝ። የጾም በርገር ነው። ምስርና ድንች ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ ከሰላጣና ከሰናፍጭ ጋር በዳቦ መሃል ገብቷል። እሱና ሌሎቹ ጾመኞች እስከ ምሳ እህል አይቀምሱም፤ ጠዋት ሊቀምስ የሚችለው እኔ ነኝ። ማን እንደሠራው ብጠይቀው መጀመሪያ ቅመስ አለኝ።

ስለ እነዚህ ነገሮች ያለኝን ሐሳብ ያውቃል። ከአዲስ አበባ የመጣውን የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ክትፎ ስሰማ ፊቴን እንደማጨማድድ አይቷል። ቢሆንም ቀመስኩት። ምስሩ ውስጡ ለስልሷል፣ ዳሩ ተንኮሻኩሿል፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ሁሉንም በላሁት። ጣቴን ላስኩና ሌላ የለም ወይ አልኩት።

ጓደኛዬ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ምሳ ላይ ለሁሉም እየቆረሰ ሊያስቀምስ እንዳሰበ፣ ጾመኞቹ ከወደዱት በየቀኑ ሠላሳ ምሳ እየተሠራ እንዲመጣ ሊያዝዙ እንደሚችሉ ነገረኝ። «አንተ ጣፍጦኛል ካልክ ማን ይከራከራል?» አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ምሳ ሰዓት በርገሮቹን በአራት በአራት ቆርሶ በትሪ ደረደራቸውና ከመስኮቱ በኩል ጀምሮ አዞረ። ሰዎች ማኘክ ጀመሩ። ፊታቸው ጥሩ ነበር። ከበሩ በኩል የተቀመጠው የስፖርት መምህር ግን በሪሞቱ ወደ እኔ እየጠቆመ ለሁሉም እንዲሰማ፣ እስቲ ኦቦ ተቃዋሚ ደግሞ ምን ይላል አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጓደኛዬ ትሪውን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

ጣፋጭ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ምስሩን ሥጋ አስመስላችሁ በዓይናችሁ ገድፋችሁ በአፋችሁ ትጾማላችሁ» አልኩ። «እግዜር ምስርና ሥጋ የማይለይ መሰላችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የስፖርት መምህሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። በጣም የገረመኝ ከመስኮቱ በኩልም መሳቃቸው ነው። ጾም በማጥበቅ የሚታወቁ አንድ አንጋፋ መምህር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ልጁ እውነቱን ነው ብለው ቁራሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። እሳቸው ሲያኖሩ ሌሎቹም አኖሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በአንድም ነገር አልተስማማልኝም ነበር፤ ያን ቀን ሁሉም ተስማሙልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሳቃቸው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ጓደኛዬ ትሪውን ሸፈነውና ወጣ። እሱም እንደ ቀልድ ወስዶታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሐሙስ ምሳ ላይ አልመጣም፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው አሉኝ። ዓርብ ኮሪደር ላይ ስናልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና አለፈኝ። በርገሩ ደግሞ በስታፍ «አታላዩ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ እሱን ያዘዘ ጾመኛ አምላኩን አታላይ መባሉ አይቀርም፤ ማንም አላዘዘም።

ቅዳሜ ነገሩ አላስችል ቢለኝ ቤቱ ሄድኩ። ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ተተክሏል። ከጃንጥላው ሥር በትንሽ ጠረጴዛ ላይ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ በሰማያዊ ክር የታሰሩ በርገሮች ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሚስቱ ነች።

ባለሙያ ነች። ትሠራበት የነበረው የሆቴል ኩሽና በኮሮናው ጊዜ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጥታ ቤት መዋሏን አውቅ ነበር። ጓደኛዬ እሷ መሆኗን ያልነገረኝ በይሉኝታ ጣፈጠኝ እንዳልል ብሎ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የማልዋሽ ሰው መሆኔን ያመነ እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር» አለችኝ ተነሥታ። ፈያ፣ ደህና ነኝ አልኳት። በርጩማ ሳበችልኝ። ጓደኛዬ ጊንጪ ለለቅሶ ሄዷል፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወረቀቶቹን አስተካከለችና ድምፅዋን ሳትቀይር ጠየቀችኝ።

«እንደዚያ ያሉት ቀምሰው ነው ሳይቀምሱ?»

«ቀምሼ ነው።»

«አልጣፈጠዎትም?»

«ጣፍጦኛል።»

ከዚህ በኋላ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። አልጠየቀችኝም። እናቷ በየሁዳዴው የሽምብራ አሳ ትሠራ እንደነበር ነገረችኝ፤ የሽምብራ ዱቄት ታቦካለች፣ በቢላ እየቆረጠች ዓሣ ታስመስለዋለች፣ ዓይን ሳይቀር ታወጣለታለች፣ ከዚያ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች። የሰፈሩ ቄስ ሳይቀሩ ይበሉት ነበር። የእናቷም እናት እንደዚያው ነበረች። «አንድም ሰው አታላይ ብሏት አያውቅም» አለችኝ። ሠላሳው ምሳ ቢታዘዝ ኖሮ መንገድ ዳር ያለችውን አንዲት ክፍል ልትከራይና ከጃንጥላው ሥር ልትወጣ አስባ እንደነበርም ነገረችኝ፤ ባለቤቶቹ ግን ክፍሏን ሐሙስ ዕለት ለልብስ ሰፊ አከራይተዋታል።

አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ሽማግሌ ይላካል፤ እሱ ሲመለስ ሽማግሌ እልካለሁ አልኳት።

«ሽማግሌ አያስፈልግም» አለች። «የተናገሩት እዚያ ነው፤ እዚያው ይናገሩት።»

ሰኞ ጠዋት በጃንጥላዋ በኩል ዞሬ በርገር ገዛሁ። ምሳ ሰዓት ስታፍ ስገባ ጎሎቹ እየተደገሙ ነበር። ጓደኛዬ ከቤተ መጻሕፍት ተመልሶ በመስኮቱ በኩል ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ትሆናለች የላከችው። የራሴን ወንበር አልፌ ወደ ጾመኞቹ ጎን ሄድኩና ቆምኩ። ሰማያዊውን ክር ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከእነሱ ጎን ቆሜ ስለማላውቅ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁላችሁም በፊት ቀምሼዋለሁ፣ ጣፍጦኝ ሌላ ጠይቄአለሁ፣ ምሳ ላይ ያልኩት ግን እንድትስቁልኝ ነው አልኳቸው። ስለ ሌላ ሰው ጾም መናገርም የእኔ ቦታ አልነበረም አልኩ። ስለ ሽምብራ አሳውም አነሣሁ፤ አንጋፋው መምህር እናታቸው ትሠራው እንደነበር ለራሳቸው ያህል አጉተመተሙ። ማንም አልሳቀም። የስፖርት መምህሩ አፍሮ ይሁን ሰልችቶት አላውቅም፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ጓደኛዬ ምሳ ዕቃውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«ስምንት ዓመት ሐሳብህን ሰምቻለሁ» አለኝ ዝግ ብሎ። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ዛሬ ነው።» ከዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ሳበና «ታኢ» አለኝ። ተቀመጥኩ። በርገሩን ለሁለት ቆርሼ ግማሹን ሰጠሁት፤ እጄ ቅቤ አልነካም ነበር።

በዚያ ሳምንት ትዕዛዝ መጣ። ሠላሳ አልነበረም፤ ሰባት ነበር፤ አንዱ የአንጋፋው መምህር ነው። አታላዩ የሚለው ስም ግን እስከ ፋሲካ አልጠፋም፤ ሰው ያሳቀውን ነገር መልሶ ለመዋጥ ይቸገራል። እሷም ሁዳዴውን በሙሉ ከጃንጥላው ሥር ፈጸመችው። የበልጉ ዝናብ ያን ዓመት ቀድሞ ገባ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ በጠረጴዛዋ ላይ ላስቲክ ስትወጥር አያት ነበር። በሌላ ዓመት፣ ለፍልሰታ፣ በራሷ ጥረት ሌላ ክፍል አግኝታ ገባች። ዛሬ የሚያውቃት ብዙ ነው።

ጋዝ ያለው ውሃ አሁንም አልወድም። ማራቶኑንም ከጓደኛዬ ጋር ድምፅ አጥፍተን ከኋላ ያሉትን እናያለን፤ ሪሞቱን ባገኘን ቀን። ሐሳቤን እንደ ድሮው እናገራለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲስማማልኝ ግን ደስታዬን ያዝ አድርጌ ቀምሼው እንደሆነና አፌ ላይ ምን እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ። ሚስቱ ይቅር ብላኛለች፤ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ሳልጠይቃት ሁለት በርገር ታቀርብልኛለች። ያን ዝናብ ከጃንጥላ ሥር ያሳለፈችው ግን በእኔ ነው፤ ሁለቱንም በልቼ እነሣለሁ።