ተገልብጦ የመጣው ፓኔል

ወንድሜ ሰበታ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ ሞዱላር ሲንተሳይዘር የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ በገዛ እጁ ይገጣጥም ነበር። መሣሪያው ብዙ ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ማዞሪያዎቹና የገመድ ቀዳዳዎቹ የሚወጡበት ስስ የብረት ፊት አለው፤ ፓኔል ይሉታል። ሠሪው እሱ ነው፤ የምጫወትበት ግን እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ዓይነ ስውር ነኝ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን አገሩን ባመሰበት ሰሞን ፓኔሉን በኮምፒውተር ነድፎ ጨረሰ። ውጭ አገር ላለ ፋብሪካ ሊልከው ሲል "ጽሑፉ ነጭ፣ መደቡ ጥቁር፤ ሲያምር!" አለኝ። ደሜ ፈላ።

"ለማን ነው የሚያምረው? አባባን ሳይጠይቁ ማሳቸው ላይ መስመር ካሰመሩት ሰዎች በምን ትለያለህ?"

ፋይሉን ሳይልክ በተቃውሞው ሳቢያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ አለኝ፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ወፍራም ካርቶን አመጣሁና ራሴ ነደፍኩት። ማዞሪያዎቹን ጣቶቼ በሚያርፉበት አስቀመጥኩ፤ የእያንዳንዱን ስም አጠገቡ በብሬል፣ በጣት በሚነበቡ ያበጡ ነጥቦች፣ ጻፍኩ። ማንንም "ይሄ ምንድነው?" ሳልል ብቻዬን ልጫወት ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም አይደለም።

መንገዱ ለቀቅ ባለ ቀን ወንድሜን አስከትዬ ቡራዩ፣ የቢሮ ታፔላ ከአልሙኒየም የሚሠሩ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

"ነጋ፣ ፈያ! ግቡ፣ ግቡ።" ካርቶኑን ዳሰሱት። "እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም፣ ልጄ። ነጥቦቹን በሹል ብረት እመታልሻለሁ።"

"አደራ፣ አንዷም ነጥብ እንዳትቀር" አልኳቸው።

አንዷም አልቀረችም። መንገዱ ተዘግቶ ሲከፈት ፓኔሉን በሚኒባስ ረዳት እጅ ላኩልን። ዳሰስኩት። ነጥቦቹ ከፍ በማለት ፈንታ ጎድጉደዋል! ካርቶኑን በፓኔሉ ፊት ላይ አስተኝተው፣ ያበጠ ነጥብ ባገኙበት ሁሉ ከላይ መትተዋል። ያበጠው በፓኔሉ ጀርባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ ተገላብጧል።

"በቃ፣ ተበላሽቷል" አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ላይ ቅሬታ አልሰማሁበትም። "ኔት እስኪመጣ እንጠብቅና የኔን እንልካለን።"

"በጭራሽ!"

ፓኔሉን ገለበጥኩት። እኛ ብሬል በእጅ ስንጽፍ ወረቀቱን ከጀርባው ነው የምንወጋው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጠን። እዚሁ ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ እጄ የሚያውቀው የተገለበጠ ፊደል ነው። ለማንበብ ማንም አይመርጠውም፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

"ፓኔሉ ደህና ነው፤ ጀርባው ፊት ይሁን። አንተ ሽቦህን ገልብጥ" አልኩት።

እያጉረመረመ ገለበጠው። ብየዳው አልቆ መሣሪያው የጮኸ ዕለት ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

"ኧረ ቀንሱት! ጎረቤት ምን ይላል?" አለች እናቴ ከጓዳ።

ወንድሜ ቶሎ ብሎ እጁን ሰደደ። ብረቱ ላይ በዓይን የሚነበብ አንድም ፊደል የለም። እጁ ከአንዱ ማዞሪያ ወደ ሌላው ሲንከራተት በእጄ ላይ እያለፈ ይሰማኛል።

"የድምፁ የቱ ነው?" አለኝ።

"ዳስሰው" አልኩትና ድምፁን ጨመርኩት።