ለራሴ ስል የመረመርኩት ደም

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ልናገር።

ከሮብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ይታክቱ የምትባል የገበሬ ሚስት፣ በእርግዝናዋ አንድም ቀን ክትትል ሳታደርግ ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ አመጧት። ሴት ልጅ ተገላገለች። የተቀደደውን ስሰፋ በደሟ የራሰው መርፌ ጓንቴን አልፎ ጣቴን ወጋኝ።

የሚደረገውን አውቃለሁ፤ መታጠብ፣ ለኃላፊ መናገር፣ ወላዷን አስፈቅዶ መመርመር። ታጠብኩ። እምቢ ብትለኝስ ብዬ ግን ፈራሁ። «ደም አንሶሽ እንደሆነ ልይልሽ» ብዬ አታለልኳትና ከጣቷ ደም ወሰድኩ። ኤችአይቪ ነበረባት።

ቤት ያለችው ልጄ ታየችኝ። በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ ወርጄ፣ «ወላዷ ሳትመረመር ሄዳለች» ብዬ ዋሽቼ የመከላከያ መድኃኒት ጀመርኩ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ሳላስፈቅድ መመርመሬ ከታወቀ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ሕፃኗ ወዲያው መድኃኒት መጀመር እንዳለባት አላውቅም ነበር? ለሌሎች እናቶች የማስተምረው እኔው ነኝ! እያወቅኩ ዝም አልኩ። ልጇን አቅፋ ስትወጣም እስከ በሩ ሸኘኋት።

ከወር ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ለክትባት ይዛት ስትመጣ ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

«ሲስተርዬ፣ የክርስትና እናቷ አንቺ ሁኚልኝ። ባሌም ደስ ብሎታል። በጭንቄ ሰዓት ከጎኔ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?»

በእኛ አገር ይህ እምቢ አይባልም። ግን ያቺን ልጅ በምን ፊቴ ልቀፋት? ያኔ ገና «መጀመሪያ አንቺም ልጅሽም ተመርመሩ» አልኳት፤ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ። እሺ አለች። ውጤቷን ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ለማን ነበር ያለቀስኩት? ለእሷ ወይስ ለራሴ?

የልጅቷ ደም ወደ ከተማ ተልኮ ነፃ ሆኖ መጣ፤ የእኔም ነፃ ሆነ። ይታክቱ መድኃኒቷን ጀመረች። ልጅቷን ክርስትና ባነሳሁ ዕለት ጠላ ስትቀዳልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ባትመረምሪን ልጄ ምን ይውጣት ነበር?» አለችኝ። «እግዜር ነው» ብዬ ጠላዬን ተጎነጨሁ።

ዛሬ ልጅቷ ተማሪ ናት፤ እናቷም ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ናት። በየበዓሉ ይጠሩኛል። እኔም እሄዳለሁ፤ በልቼ ጠጥቼ፣ ሳልናገር እመለሳለሁ።

መፍራቴን አልክድም፤ ደም የነካው ሰው ሁሉ ይፈራል። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ያፈነኝ ግን ምን ነበር? እንጀራዬና ስሜ ብቻ።

ይታክቱ፣ ይህን ከአፌ መስማት ይገባሻል፤ ይቅር ማለትና አለማለት ያንቺ ነው። ልጅሽ ጤነኛ ሆና ማደጓን ግን ማመካኛ አላደርገውም። እኔ መድኃኒቴን ስውጥ እሷ ያለ መከላከያ ትጠባ ነበር።