የታጠበው ቀፎ

ዛሬ የሟች ታላቅ ወንድሜን ባዶ ቀፎ በሳሙና አጥቤ መልሼ ሰቀልኩት። ንብ በንጽሕናዬ ተደስታ የምትመጣ መስሎኝ! ሽምግልና እኔ ላይ ሲደርስ ጢም ብቻ ይዞ ነው የመጣው።

አያ የምላቸው ይህ ወንድሜ የቡሬ ንብ አርቢ ነበሩ። ቀፎ በወይራ ጭስ ሳያጥኑ፣ በአሮጌ ሰም ሳያሹ አይሰቅሉም። «ንብ ቤቷን በጠረን ነው የምታውቅ፤ ያንተን አፍንጫ አላዋሷትም» ይሉኝ ነበር።

የግብርና ልማት ጣቢያዋ ባለሙያ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ልክ ነበሩኮ አባባ! ጠረን የሚለዩ ፕሮቲኖች መዳሰሻ ቀንዷ ላይ አሏት፤ አሠራራቸውንም በዘረመል ትወርሳለች» አለችኝ። እኔ የወረስኩት ሳሙና ማባከን ነው።

የአያ ባለቤት ግን አልሳቁም። ቀፎውን ከፍተው አሸተቱና፣ «አንተ ሰው፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ጠረናቸውን የማገኘው እዚህ ውስጥ ነበር» አሉ።

ለንቧ ወይራ አጥናለሁ፤ ትመጣ ይሆናል። የወንድሜን ጠረን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስላቸው? ይኸው ዕዳቸው አለብኝ።