የቶላ ሃያ ቡጢ

ቶላ የተፈጠረው ለመመታት ነው እያልን እንስቅበት ነበር። ስሙ ራሱ በኦሮምኛ «በነጻ» የሚል ትርጉምም ስላለው፣ በነጻ የሚመታ ሰው አገኘን ብለን ተሳለቅንበት። አይቆጣም። ቀን ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ በር ሲበይድ ይውላል፤ ከሥራ መልስ ቴኳንዶ በምንማርበት አሮጌ የቡና መጋዘን ደረቱን ሰጥቶን ይቆማል። አሠልጣኛችን ማስተር ሮብሳን የቡጢ መለማመጃ ከረጢት አይወድም። «ከረጢት አይጮህም፤ የሚጮኸውን መምታት ልመዱ» ይለናል። ስለዚህ ቶላን መታነው። እኔ ሌንሳ ደግሞ ሴት ናት ተብዬ እንዳልናቅ ከሁሉም አብልጬ መታሁት።

ሦስት ዓመት እንዲያ የቆመው ለጥቁር ቀበቶ ብሎ ነው። ቀበቶውን ካገኘ የትውልድ ቦታው አርጆ ገብቶ የራሱን ክፍል ይከፍታል። «ብየዳው ዓይኔን ሳይጨርሰው ልውጣ» ይለኝ ነበር።

ማስተር በመጨረሻ ፈተናውን ነገረው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከኖራው መስመር ሳይወጣ፣ ሃያ የምር ቡጢ ይቀበላል። ምቱን የሚያስቆመው የማስተር «ጉማን» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ በኮሪያኛ «አቁም» ማለት ነው። ሌላ ሰው ከተናገረ ፈተናው ይሰረዛል።

መቺው ሠርፀ ሆነ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ነቀምቴ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ኦሮምኛው ከእኛ የለቃቀማት ናት፤ «አካም» ለሰላምታ፣ «ጃባዱ» ለማበርታት፣ «ሩኩቲ» ደግሞ ምታ ለማለት። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩን ስጠራ ይመታል።

እስከ አሥር ድረስ ቶላ ንቅንቅ አላለም። በአሥራ አንደኛው አፍንጫው ደማ። አሥራ አራተኛው የግራ ዓይኑ ላይ አረፈና ጉልበቱ ከዳው፤ እንደምንም ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። አፉ ውስጥ የጥርስ መከላከያ ስላለ ቃሉ ተድበስብሶ ወጣ፤ እኛ ግን ለይተን ሰምተነዋል። «ሂን ሩኩቲን» ነው ያለው። አትምታ።

ሠርፀ የሰማው መሐሉን ብቻ ነው፤ «ሩኩቲ»። ፊቱ በራ። «ጀግና ነህ፣ ወንድሜ!» አለና ቁጥሬን ሳይጠብቅ እዚያው ዓይን ላይ ደገመው።

መጋዘኑ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ነበርን፤ ከሠርፀ በቀር ኦሮምኛ የማይሰማ የለም። ማስተርን አየሁት። ፈገግ ብሏል። ብናገር የቶላ ቀበቶ ይቀራል አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው። «አሥራ ስድስት!» ብዬ ጮህኩ። በቆጠርኩ ቁጥር ቶላ ያንኑ ይላል፤ በሰማው ቁጥር ሠርፀ ያጠነክራል። ሃያ ላይ «ጉማን» ተባለ። ቶላ መስመሩን አልለቀቀም ነበር።

ዓይኑ አልተረፈም። ማስተር ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ቀበቶውን በፒጃማው ላይ አሰረለት፤ እኛም አጨበጨብን። ሠርፀ የቃሉን ትርጉም ሲነግሩት ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፤ በወሩ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እኛ በማግስቱ ልምምድ ገባን።

ባለፈው ጥር አርጆ ሄጄ ቶላን ጠየቅሁት። ክፍሉን ከፍቷል። ከረጢት የለም። የኖራው መስመር ላይ ፌኔት የምትባል ነርስ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ለቀበቶ ነው። ቶላ በደስታ አቀፈኝና «እንደ ድሮሽ ቁጠሪልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ስምንተኛው ቡጢ ከንፈሯን ሰነጠቀው። «ሂን ሩኩቲን» አለች። አፏ ውስጥ ምንም ስላልነበረ ጥርት ብሎ ተሰማ። መቺው ተማሪ እጁን አየር ላይ አቁሞ ቶላን አየው።

ቶላ ወደ እኔ ዞረ። በደህናው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «የተናገረ ሰው አለ እንዴ? አንቺ ሰምተሻል?»

ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ። ፌኔትም አየችኝ።

«ዘጠኝ» አልኩ።