ሰኞ ይከፈታል

የክሊኒኩ ዘበኛ ቦርሳ ሳይፈትሽ ሰው አያሳልፍም። ዓመታት አብሮት የሠራውን ሐኪም እንኳ «ይቅርታ ዶክተር» ብሎ ያስከፍተዋል። የደንብ ልብሱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ጫማው ግን አዲስ ቡናማ ቆዳ ነው። የገዛው በስልክ ቪዲዮ እያዩ ገንዘብ ይታፈስበታል ከተባለ ግሩፕ መጀመሪያ ባወጣው ትርፍ ነው። ያን ሰሞን እግሩን ዘርግቶ ያላሳየው ሰው አልነበረም። እህቱ ጫማውን አይታ ገንዘቧን ከፍላ ግሩፑ ውስጥ ገባች፤ የክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛም እንደዚያው። ብዙ ሰው ስላመጣ «መሪ» ብለው ሾሙት፤ በግሩፑ ስም መጻፍም ፈቀዱለት። ወር ሳይሞላ ገንዘብ ማውጫው ተዘጋ፤ የሾሙት ሰዎችም ደብዛቸው ጠፋ።

አሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር የደረት ኪሱን በመዳፉ ይጫናል፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል።

ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ወንድሜ፣ የኛ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ሰኞ ይከፈታል ተብሏል፣ እትዬ። ግሩፑ ላይ ተጽፏል።»

ስልኳን አውጥታ ቀስ ብላ አነበበችው። እውነትም ተጽፏል። የጻፈው ግን እሱ ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ እዚሁ በር ላይ ቆሞ። ያለፈውን ሳምንትም፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም የጻፈው እሱ ነው።

«ተመስገን» አለች። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ከዚያም ጎንበስ ብላ መወልወል ጀመረች። እግሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ፈቀቅ በል እስቲ፣ ጫማህ እንዳይበላሽብህ።»