የልብስ ሰፊው ደገፉ የጠዋት መልእክት

ደገፉ ሶርሳ በሻንቶ ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ሚኒባሶች በሚቆሙበት በኩል፣ በአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። የስፌት መኪናው በእግር የሚነዳ፣ ከአባቱ የወረሰው ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የሙሽራ ሱሪ ይሰፋል፣ የሞተ አባት ኮት ለልጁ አጥብቦና አሳጥሮ ይሰጣል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ቀርፋፋ ነው ግን ይሉታል። ቀርፋፋ ያደረገው እጁ አልነበረም። ሰው ልብስ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላም ይለዋል፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ታማ ስለነበረችው አማት ይጠይቃል። ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አጠገቡ ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግነው ቸርነት በዚህ ይቀልድበታል።

«የደገፉ ሰላምታ እስኪያልቅ የሱሪው ፋሽን ያልፍበታል» ይላል።

ደገፉ ይስቃል። ሰላምታውን ግን አያሳጥርም። ሰውን ሰላም ሳይሉ ጉዳይ መጠየቅ ከብት መንዳት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

የስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገረው ገና አርባዎቹ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ከጄሪካን ውኃ እየጠጣ፣ ደግሞ እየተነሳ ከሱቁ ጀርባ ሲመላለስ ቸርነት «ወንዝ ዋጥክ እንዴ?» ብሎት ነበር። በሽታውን ከቤተሰቡ ያውቀዋል። የእናቱ ወንድም በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጦ፣ ከእንሰት ጓሮው ሳይወጣ ነው የሞተው። ደገፉ የፈራው ሞቱን አይደለም።

«ዓይኔ ቢደክም ሚስቴ በመርፌው ክር ታስገባልኛለች» ይል ነበር። «እግሬ ከሄደ ግን መኪናውን ማን ይነዳልኛል?»

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት አንድ ድርጅት ለስኳር ሕሙማን በስልክ የሚደረግ ክትትል ጀመረ ተባለና ደገፉ ሶዶ ተጠርቶ ሄደ። የአማርኛ ፊደል ያለው ስልክና የደም ስኳር የሚለካበት ትንሽ መሣሪያ ሰጡት። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ጣት ይወጋል፣ መሣሪያው ቁጥር ያሳያል፣ ቁጥሩ በስልክ ይላካል። ያን የምታስተምረው ነርስ ሐመልማል ትባላለች፤ የሶዶ ልጅ ናት፣ አያቷ በጸሐፊነት ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ። ሕሙማኑን አንድ በአንድ ጫማ አስወለቀች። ደገፉ አፍሮ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሲደብቅ፣ እርሷ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ጎትታ አወጣችውና በጣቶቹ መካከል እያንዳንዱን አየች።

«ጋሼ፣ ይህ እግር የእንጀራዎ ገመድ ነው» አለችው። «ቁጥሩ በእኔ እጅ ነው የሚገባው። ከፍ ብሎ ካስፈራኝ ራሴ እደውልልዎታለሁ። ካልደወልኩ ደግሞ ተረጋግተው ይተኙ።»

ለሚስቱ ለፈጠነች ማታ ሲነግራት ስለ ስልኩ አልነበረም ያወራው። «ተንበረከከች እኮ» ነበር ያለው። «የሰው ልጅ፣ ያውም የተማረች፣ እግሬ ሥር።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ፊደል ያወቀው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንዱን ፊደል ለማግኘት ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ በእጅ ሲሰፋ የኖረ ሰው ስለሆነ አይሰለቸውም። «እንደምን አደርሽ ሲስተር። ቤተሰብ ደህና ነው? እዚህ ዝናብ ጥሩ ነው። እኛ ደህና ነን። 142።» ቁጥሩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጉዳይ ከሰላምታ በኋላ ስለሆነ።

ፈጠነች ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየላጠች ታየዋለች።

«ለእኔ አንድ ቀን እንደምን አደርሽ ብለህ ጽፈህልኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ እኮ አጠገቤ ነው የምታድሪው።»

«እንግዲያው ሶዶ ሄጄ ልደር።»

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐመልማል በእውነት ትመልስ ነበር። «ጋሼ ደገፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴም ደህና ናት» ትላለች። በመስቀል ሰሞን ቁጥሩ ሲያሻቅብ ደወለች፤ ቅቤና ቆጮው ላይ እጁን እንዲሰበስብ ተቆጣችው። ደገፉ ቁጣውን ለበረንዳው ሰው ሁሉ እንደ ሽልማት አወራው። ቁጥሩም ወረደ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ አዲስ መልእክት መጣ። «አሠራራችን ተሻሽሏል። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩን ብቻ ይላኩ። ሲስተር ሐመልማል» ይላል። ደገፉ ለቸርነት አሳየው።

«ድካሜን አይታ አዘነችልኝ» አለ።

«እንግዲህ አትጻፍ አለችህ፤ ተገላገልክ።»

«እንግዳ አትቸገሩ ሲልህ ቆጮውን ትከለክለዋለህ?»

ቸርነትም ይህን ሲሰማ ልክ ነው አለ። እዚህ አገር አትልፋ የተባለ ሰው የባሰ ይለፋል እንጂ አይተውም። ደገፉ ሰላምታውን ጨመረበት።

መልሱ ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይነት ሆነ፦ «መልእክትዎ ደርሶኛል። አይዞዎት። ሲስተር ሐመልማል።» ስልኩን ኪሱ ሳይከት ይደርሳል። ደገፉ ሥራ በዝቶባት ነው አለ። እንዲህ ፈጥና መመለሷ ደግሞ ደስ አሰኘው፤ ጠዋት ተነስታ የእርሱን መልእክት የምትጠብቅ መሰለው።

ክረምቱ ሲገባ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሁለት መቶን አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት መቶ ተጠጋ። ደገፉ እንደ ወትሮው ጻፈ፤ አይዞዎት የሚለው መልስ እንደ ወትሮው መጣ። የመኪናው መርገጫ በሚነካው በግራ እግሩ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ። አላመመውም። ፈጠነች እግሩን ስታጥብ ነው ያየችው፤ ፈንድቶ ነበር።

«ነገ ዱቦ ሆስፒታል እንሂድ» አለችው።

«ሐመልማል አልደወለችም።»

«እኔ ቁስሉን እያየሁት ነው።»

«እርሷ ደሜን ታያለች። አስፈሪ ቢሆን ትደውላለች። ስንት ነገር የተማረች ሴት ናት፤ አንቺ ታውቂያለሽ ወይስ እርሷ?»

ፈጠነች ቁስሉን በጨውና በሙቅ ውኃ እያጠበች፣ ከአሮጌ ነጠላ በቀደደችው ጨርቅ ታስረው ጀመር። እርሱም ካልሲ ደርቦ መኪናውን ነዳ፤ የትምህርት ቤት መክፈቻ ስለነበር ዩኒፎርሙ ተከምሮበታል።

መስከረም ላይ ከሶዶ ተደወለ። የደወለው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ደገፉ አንድም ቀን ሳያቋርጥ መልእክት የላከ ብቸኛው ሰው ስለሆነ ሞዴል ታካሚ ተብሎ ተመርጧል፤ እዚያው ሶዶ ሆቴል ውስጥ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ልምዱን እንዲያካፍል ተጋብዟል። በዚያ ዘመን ሞዴል አርሶ አደር ነበር፣ ሞዴል ቤተሰብ ነበር፤ ሞዴል ታካሚ የተባለ ግን ሻንቶ ሰምቶ አያውቅም። ቸርነት ሰዓት አዋሰው። ደገፉ ለራሱ አዲስ ኮት ሰፋ። ግራ ጫማው ስላልገባለት ጀርባውን ረግጦ ከፈጠነች ጋር ሚኒባስ ተሳፈረ።

ሐመልማል አዳራሹ በር ላይ አቅፋ ሳመችው። ደገፉ ሰላምታውን አድርሶ ሲያበቃ፣ «ጠዋት ጠዋት ስለምትመልሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጥምቀት ወዲህ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። መልሱን ኮምፒውተሩ ነው የሚልከው።»

«ስምሽ አለበት እኮ።»

«ሰው ስለለመደው ተውነው።»

ደገፉ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ፈጠነች ግን የአፍ መፍቻዋ ያልሆነው አማርኛ ፈጥኖባት የሰማችው ግማሹን ነበር። «እንግዲያው ቁጥሬን ማን ነው ሲያየው የነበረው?» ሲል ጠየቀ።

ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየው። ከደገፉ ስም ጎን የደረሰው መልእክት ብዛት ከሁሉም ይበልጣል። የደሙ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ግን ከጥር ጀምሮ ባዶ ነው።

«አባባ፣ ሰላምታ ከቀደመ ማሽኑ ቁጥሩን አያነብም። ቁጥሩን ካላነበበ ደግሞ ለሐኪም አያስታውቅም። ቁጥር ብቻ ይላኩ ተብሎ ነበር እኮ።»

«ደርሶኛል ይለኝ ነበር።»

«ደርሷል። አልተነበበም እንጂ።»

ደገፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ጠዋት ሦስት መቶ ሰማንያ ነው። እግሬም ቆስሏል» አለ። ሐመልማል የተረገጠውን ጫማ አየች። ሽታውም ሳይደርሳት አልቀረም፤ ፊቷ ተለወጠ። አሁን ግን ከውስጥ እየተጠሩ ነበር። እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይህን እዚያ አይናገሩብኝ። ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ይህን ከሰሙ ድጋፉን ያቆማሉ፤ የሌላው ሕመምተኛ ሁሉ መድኃኒት ይቀራል። ስብሰባው ሲያልቅ በራሴ መኪና ሆስፒታል አስገባዎታለሁ። ቃሌ ነው።»

እርሱም እሺ አለ። ይህን ሰው ለምን እሺ አልክ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ተንበርክካ እግሩን ያየችለትን ሴት በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነለትም፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

መድረኩ ላይ ቆሞ አዳራሹን በሙሉ ሰላም አለ፤ ሰላምታው ስለረዘመ እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ስኳሬን በስልክ እቆጣጠራለሁ። እግሬም፣ እኔም ጤነኛ ነን። ዕድሜ ለሲስተር ሐመልማል።» ተጨበጨበ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መቅጃውን ወደ አፉ አስጠግቶ ያንኑ አስደገመው።

ከምሳ በኋላ ደገፉና ፈጠነች ከሆቴሉ በር ውጭ ቆሙ። ነጫጭ መኪኖች ተከታትለው ወጡ። ሐመልማል በሁለተኛው መኪና ኋላ ወንበር ላይ ስልክ እያወራች ነበር፤ አይታቸዋለች፤ አንድ ጣት አንስታ ጠብቁኝ የምትል መሰለች። ጠበቁ። ዘበኛው ወንበር አመጣላቸው። በመጨረሻ እርሱ ነው የነገራቸው፤ መኪኖቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል።

«ባጃጅ ጥሪ» አለ ደገፉ። ባጃጇ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ሐኪሙ ጨርቁን ሲፈታ የደገፉ እግር ጣቶች ጠቁረው ነበር። «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ብሎ ጮኸበት። «ማን ነው ደህና ነህ ያለህ?»

ፈጠነች ባሏን አየችው። ደገፉ የግድግዳውን ሴራሚክ እያየ፣ «ማንም» አለ። እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ገና ከአልጋ ሳይወርድ፣ አጎራባች አልጋ ላይ የተኙ፣ ከቢጠና የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትንሽ ሬዲዮ ከፍተው ነበር። እርሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከዜናው በኋላ የደገፉ ድምፅ መጣ፤ ሰላምታው ተቆርጦ ወጥቶ፣ የቀረው «እግሬም፣ እኔም ጤነኛ ነን» የሚለው ነው። ሽማግሌው ድምፁን ጨመሩ።

«የታደለ ሰው» አሉ። «ለእኛም እንዲህ ያለ ስልክ ቢሰጡን።»

ፈጠነች ልትናገር አፏን ስትከፍት ደገፉ በክንዱ ከለከላት። ራሱ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«አባቴ፣ አይመኑት» አላቸው። «ያ ሰው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ፊቱን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው በብርድ ልብሱ ላይ ወረደ፤ አንዱ በኩል ጠፍጣፋ ወደሆነበት ቦታ ሲደርስ ሬዲዮውን ዘጉ።